ምራቅ

በኩሽናው መስኮት አሥራ አንድ ጠርሙስ፣
ከኋላቸው ባሕር፣ ጨለማ እንደ ጭስ።
ኅዳር ነው፤ ቫርዶ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች
ሳምንት አልሞላትም፤ በጥር ትመጣለች።

የእርድ እንክብል አለ፣ የአረንጓዴ ሻይ፣
ሴሊኒየም፣ ዚንክ፣
የእንጉዳይ ዱቄት ዋጋው የሚያስለቅስ፣ ከወርቅ በላይ፤
ቫይታሚን ዲ ደግሞ፣ የኮድ ጉበት ዘይት፣
እናትህ በማንኪያ እየጋተችህ ያደግህበት።

እኔ ነኝ የገዛሁ። አንተ አልጠየቅኸኝም።
ስልኬ ላይ ሳፈጥ ዓይኔ አልተከደነም፤
“ተመልሶ እንዳይመጣ” እያልኩ ስፈልግ
የማያውቁኝ ሁሉ ተስፋ ሸጡልኝ በወግ በማዕረግ።

ሠላሳ አምስት ጊዜ ጨረር አረፈ ባንገትህ፤
በግራ በኩል ጢምህ ሳይበቅል ቀረ፣ ነጠፈ ምራቅህ።
“ምራቁን የዋጠ” ይሉህ የነበሩት
የወደቡ ሰዎች፣ መረብ ሲጣሉ ላንተ የሚያቤቱት፣
ዛሬ ቢያዩህ፣ ሃልቫርድ፣ ኮዳህን ጨብጠህ
ቁራሽ ዳቦ በውኃ ስትገፋ ዓይንህን ጨፍነህ!
ያ ምራቁን የዋጠ
የሚውጠው አጣ።

ሐኪሟ ነገረችን የዕጢውን አባት፤
“ቫይረስ ነው” አለችን፣ “የቆየ፣ የሰነበት፤
ስንቱን ሰው ነክቶት ያልፋል፣ ሳይታወቅ፣ በዝምታ፤
ባንዳንዱ ይተኛል፣ ዘመን ቆጥሮ ሊነሣ አንድ ማታ።
ማንም ማንን አይውቀስ።”
እኔ ግን በመርከቡ ስንመለስ ሌሊት
“ከማን?” አልኩህ። አንዲት ቃል። አንዲት።
የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤
አንተም አልመለስክም፣ እኔም አልደገምኩም።
ከዚያ ወዲህ ነው ጠርሙስ ያበዛሁት፤
ይቅርታ ማለቱ ሲያቅተኝ ነው እንክብል የገዛሁት።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ትሮምሶ፣ ካሜራው ባፍንጫህ
እንደ መንጠቆ ገመድ ወርዶ ሲያስስ ውስጥህን፣
“ንጹሕ ነው” ስትለን፣ ሁለታችን ተንፍሰን፣
ከረጢቴን ፈትቼ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩ፤
ዶክተር ሎፍትሁስ አንድ በአንድ ስታነብ ተሳቀቅኩ።

“ዲው ይቆይ” አለች፣ “ደሙ ላይ አንሷል።
እርዱን በሾርባ ብሉት፤ ሻዩን በሲኒ ጠጡት፣
የሻዩ እንክብል ሲበዛ ጉበት ይጎዳል።
ሌላው ካንሰሩን ያግዳል የሚል ማስረጃ የለኝም፤
አለ ብዬ አልዋሽሽም።”
“ታዲያ ምን እናድርግ?”
“ትምባሆውን ተው። የጀልባ ቤቱንም።”
(ጆሮህ ሲቀላ አየሁ። የጀልባ ቤቱን እኔም አላውቅም።)
“መጠጥ ቀንስ። ተራመድ። የጥርስ ሐኪም አትራቅ።
መዋጥን ተለማመድ፣ ጉሮሮ እንዳይረሳ፤
አንገትህን ዳስስ፤ እብጠት ከነካህ ደውል፣ ቀጠሮ አትጠብቅ።”

እኔ የጠበቅኩት ትልቅ ነገር ነበር።
ይሄንን ግማሹን እናቴም ትነግረኝ ነበር።

እሑድ ኢቨር መጣ፣ የልጃችን ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣
ክንዱን እያሻሸ፣ ትምህርት ቤት ከተወጋ ሁለት ቀኑ።
“አያቴ፣ ለምንድነው ግን?” አለህ።
ኮዳህን አነሣህ፣ ጠጣህ፣ ጊዜ ወሰደብህ፤
በዚያ በሻከረው፣ በተሰነጠቀው ድምፅህ
“እኔን ያገኘኝ ነገር አንተን እንዳያገኝህ።”
አላፈርክም። ዓይንህን አልሰበርክም።
“ከማን?” ብዬህ ነበር፤ “ለማን”ን መለስክልኝ።

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ጥቀርሻ፣
እስከ ዓሣ ማድረቂያው፣ እስከ መንገዱ መጨረሻ፣
ሄድን። ነፋሱ ጎን ይመታል። ሦስቴ ቆመህ ጠጣህ።
ፒፓህን ከኪስህ አውጥተህ ለእኔ ሰጠኸኝ፣ ሳትናገር፤
እኔም “የት ደብቀኸው ኖሯል?” ልል አፌን ስከፍት፣
ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ የነበረ ነገር...

ተውኩት።
ሃልቫርድ፣ ባንተ ፈንታ
ምራቄን ዋጥኩት።