የኦቾሎኒ መጠቅለያ

ከፖስታ ቤት ከፍ ብሎ፣ ከኢሚግሬሽኑ አጥር ሥር፣
ጥበቃው እያዛጋ ነው፤ ገና ነው ቁልፉ ሊዞር።
ሰልፉ ግን ቀድሞ ደርሷል፤ ድንጋይ ቆሟል በሰው ፈንታ፣
አንድ እግር ነጠላ ጫማ ወረፋ ይዟል፣ ባለቤቱን ይጠብቃል በዝምታ።

እኛ ዛሬ አራት ነን።
አምስት ነበርን፤ ለዋቅጅራ የጥበቃ ሥራ ተገኘለት፤
ሰደርያውን አልመለሰም፤ ብርቱካናማው ለሌሊት ብርድ ሆነለት።

ሀያት በመጀመሪያው ሳምንት እጅጌዋን ሰብስባ፣
የካውያውን ጠባሳ አሳይታ ነበር ለአንዲት ልጅ፣ እንባዋን ገድባ።
ልጅቷም አየችና፣
«ያንቺዋ ክፉ ነበረች» አለች፤ «የእኔዋ ደግ ናት፣ ፎቶዋን አይቻለሁ።»
ከዚያ ወዲህ እጅጌዋ አልተሰበሰበም።
«ገላዬ ማስታወቂያ አይደለም» ትላለች፤ «አጥር ላይ አልሰቅለውም፤ ጨርሻለሁ።»

ከእኛ ሁለት እርምጃ ርቆ የቆመውም በጎ ፈቃደኛ ይመስላል፤
ለበረደው ሻይ ይጋብዛል፣ ፎርም ይሞላል፣ «የኔ ልጅ» ይላል።
ደላላ ብዬ ልጠቁመው? ጣቴን ወዴት ልዘርጋ?
የልጅቷ አጎት ነው እኮ፤ አምናው ነው የመጣችው ከእሱ ጋ።
ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ሲባል ሰምተን ነበር፤
ይኸኛው ግን የሚያውቁት ነው፤ ሠርግ የበላ፣ ለቅሶ ያደረ ከሰፈር።

ረምላ ትባላለች፤ ከከሚሴ ናት።
መታወቂያዋ ሃያ አራት ይላል፣ ጉንጯ ግን አሥራ ስድስት፤
ጥፍሯ ላይ ሂና አለ፣ ገና ያልለቀቀ፣ ከእህቷ የሠርግ ዕለት።
ወረቀቱን ሰጠኋት። «ፓስፖርትሽን ለማንም አትስጪ፤ ይህን ቁጥር ያዢ፤ መደወያው ነጻ ነው።»
ሁሉን አለፈችና ዓይኔን አይታ ጠየቀችኝ፦ «አንቺስ፣ ደሞዝሽ ስንት ነው?»
«ምንም» አልኳት።
ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም።
«እኔ በነጻ መቆም አልችልም፤ ጣሪያችን ሌላ ክረምት አይሻገርም።»

መልስ ፈለግሁ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ በካዛንቺሱ አዳራሽ፣
ስለ ሕጉ ተነግሮናል፣ ስለ ምልክቱ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ድንበሩ ዳርቻ።
ስለ ጣሪያ ግን ማንም ምንም አላለም።

ረምላ ወረቀቱን አጠፈች፤ አጠፈችና ጣለች፤ ተራዋ ደርሷል።
ኦቾሎኒ ሻጩ ኤርጫፎ ከኋላዋ አጎንብሶ ለቅሟል።
በቀን ሁለት መቶ እንበትናለን፤ መቶ ሃምሳውን እሱ ይሰበስባል፣
በመዳፉ ሾጣጣ ያበጀዋል፤ ትኩስ ኦቾሎኒ ይሞላበታል።
መጀመሪያ ተናደድኩ። «ይሄ እኮ የሰው ሕይወት ነው» አልኩት።
«የእኔም እንጀራ ነው» አለና አንድ ጥቅል ሰጠኝ፤ ቆሜ በላሁት።
የመጨረሻዋን ፍሬ ሳነሳ፣ ከጨው ከገለባው በታች፣
የስልካችን ቁጥር፣ ጥርት ብላ፣ ቀና ብላ ታየኝ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ለኤርጫፎ የራሱን ድርሻ እሰጠዋለሁ፤
«ቁጥሩን ወደ ውስጥ» እለዋለሁ።
እስከ ስታዲየም ይዞት ይወርዳል፣ እስከ ለገሃር፣ እስከ አምባሳደር በራፍ ድረስ፤
ሰው በልቶ ሲጨርስ ነው የሚያነበው፤ ከጨረሰ፣ ቁጥሩ ጋ ሲደርስ።

ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ፤ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።
«አቤት» አልኩ። ትንፋሽ ሰማሁ፣ የመኪና ጡሩምባ፤ ጠበቅኩ።
«ወረቀቱ ቅባት ነክቶታል» አለች፤ «መጨረሻዋን ሰባት ብዬ፣ ልሞክር ብዬ ነው።»
«ሰባት ናት፤ አልተሳሳትሽም።»
«እሺ» አለች፤ «ቶሎ በዪ፣ ካርድ ሊገዛ ወርዶ ነው።»
ረምላ ትሆን? አላወቅሁም፤ ስም አታስጨንቁ ተብለናል።
«የት ነሽ?» አልኳት።
«እኔ እንጃ። ከፊት ለፊቴ ‹ሆቴል› የሚል አለ፤ ‹ሆ›ዋ ግን አትበራም፤ መብራቷ ጠፍቷል።»

ለፖሊስ ደወልን። ግን ማን ቁጭ ይላል?
ሀያት በቸርችል ሽቅብ፣ እኔ ከፒያሳ ቁልቁል፣
በዚያ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ መብራት መሃል፣
አንገታችንን ቀና አድርገን፣
አንድ የጠፋ ፊደል እየፈለግን።