አረንጓዴው ሽቦ

ብሎኬቱን ቀዶ፣ ስልሳ በስልሳ ለክቶ፣
እርሳሱን በጆሮው፣ ቴስተር በኪሱ ሰክቶ፣
ቶለሳ የቱሉ ዲምቱ ኩሽናዬን አቧራ አለበሰው፤
የሁለት ዓመት ዕቁቤ፣ የግድግዳው ምድጃ፣
ካርቶኑ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል እንደ ሰው።

«ይቺ መስመር ቀጭን ናት፤ ለአምፖል ናት እሷ፤
ምድጃ ብትጭኚባት ይቀልጣል ቀሚሷ።»

አራት ካሬ ገዛሁ። ከቆጣሪው ጀምሮ አዲስ መስመር ሳበ፤
ቀዩን አስሮ፣ ጥቁሩን አስሮ፣
አረንጓዴው ጋ ሲደርስ ጥቂት አሰበ።

ሳብ አደረገው። ወጣ። ክንድ እንኳ አይሞላ፤
ከምንም አልታሰረም ከልስኑ ኋላ።

«መሬት የለውም» አለኝ። መዶሻውን አንሥቶ
ከብሎኩ ጀርባ ወረደ፤ ከቱቦው ፈቀቅ ብሎ አንዲት ቦታ ለይቶ
የመዳቡን ዘንግ ይቀብር ጀመር፣ ማንንም ሳይጠይቅ።
«እዚህ ጋ እርጥብ ነው፤ በጋም ቢሆን አይደርቅ።»

«በምን አወቅህ?» አልኩት።
መዶሻው ወደቀ፤ ተነሣ፤ ወደቀ።
«ሽምብራችን እዚህ ነበር» አለ፤
በክንዱ ላቡን አደረቀ።

ማታ በመስታወቱ ቢጫ መብራት በራ፤
ብረቱን ብዳስሰው አይነዝር፣ አያስፈራ።
«የሽቦ፣ የብሬከር፣ የዘንግ» እያለ ሂሳቡን ቆጠረ፤
የመሬቱን
እኔም አልጠየቅኩ፣ እሱም አልተናገረ።