ወይና ደጋ

ከጣርማበር ግርጌ፣ ከካቡ ጠጠር ላይ፣
ዘለቃሽ ወይን አላት፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ።
ካንዱ ሐረግ ቆርጣ ሰጠችኝ ጠቅልላ፤
ወስጄ ተከልሁት፣ ሮቢት፣ ዋልካ ቆላ።

ሲያድግስ አያድርስ! ቅጠሎቹ በዙ፤
ሦስት ዘለላ ለቅሜ ወጣሁ ባይሱዙ።

አንድ ፍሬ ቀምሳ «ውሃ ነው» አለችኝ፣
ከካቡ ላይ ቆርጣ አንዲት አጎረሰችኝ፦
ትንሽ፣ ቆዳ ደንዳና፣ ጠጠር ያከሳት፣
ቀን ድንጋይ ያጋላት፣ ሌት ብርድ የወቀሳት።
«ምን ትቀልቢዋለሽ?» ስላት ሣቀችና፣
«የጠገበ ሐረግ…» ብላ ተወችና፣
የተናደ ካቧን ጎንበስ ብላ ካበች።

ስመለስ ቁልቁለት፣ ጉም መኪናውን ዋጠ፤
ጣዕሟ ግን አፌ ውስጥ ቆይቶ ጣፈጠ።
አገሩን ከፍለው «ወይና ደጋ» ያሉት፣
የቀመሱ ናቸው፤ ዋልካ ላይ ያልተከሉት።