በማይታወቅ ቋንቋ

ቂርያት ጋት። ማክሰኞ። ሁለት ሰዓት ተኩል።
ፍርድ ቤቱ በር ላይ አዲስ ዘበኛ ቆሟል።
ፊቴን እንዳየ እጁን ወደ ጓሮ ዘረጋና፣
«የጽዳት በር በዚያ ነው» አለኝ፣ በትሕትና።
ትሕትናው ነው ያናደደኝ። ቢሰድበኝ ኖሮ
መልስ ነበረኝ፤ ስንት ዘመን በሆዴ አድሮ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ በር ገባሁ፤
መታወቂያዬን ገልብጬ አሳየሁት፤ አለፍሁ።

ሥራዬ ቃል ማሻገር ነው፣ ካንዱ አፍ ወደ ሌላ ጆሮ፣
እንደ ታንኳ፣ ጭነቱን ሳያይ፣ ወዲያ ወዲህ ተወርውሮ።
አልጨምርም፣ አልቀንስም። ምያለሁ።

«ኦፊር ፈረደ!» ብላ ተጣራች ጸሐፊዋ።
ለእሷ ስም ብቻ ነው፤ አይከብድም ለአፏ።
ፈረደ አያቱ ናቸው፤ የደም አስታራቂ፣
በወገራ ሽማግሌ፣ የሰው ነገር አዋቂ።
ስማቸው አየር ማረፊያ ላይ የቤተሰብ ስም ሆነ፤
ይኸው ዛሬ
ፈረደ ተብሎ የሚጠራው ልጅ
ሊፈረድበት ተነሣ።

ነገሩ የብስክሌት ነው። ሰማያዊ፣ ባለ ባትሪ፣
ክረምቱን በሙሉ ሱፐርማርኬት ዕቃ ደርድሮ የገዛው።
ፖሊሱ አስቆመው። «ደረሰኙስ?» አለው።
በኪሱ ደረሰኝ ይዞ የሚዞር ማነው?
በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ ሦስት እኩዮቹ አልፈዋል፤
ፀጉራቸውን ነፋስ ይበትነዋል፣
ደረሰኛቸው ፊታቸው ላይ ተጽፏል።

ልጁ «ለምን እኔን?» አለ።
«ለምን» በመዝገቡ «እምቢተኝነት» ተባለ።
የተጠመዘዘ ክንዱን መንጠቁ «ድብደባ» ሆነ።
ያኔ ነው አባቱ፣ አቶ አስረስ፣ ከአራተኛ ፎቅ አይተው፣
አንድ እግራቸው በነጠላ ጫማ፣ አንዱ ባዶውን፣
መኪናው ፊት ደርሰው
«በሕግ አምላክ!» ያሉት።

እዚያ፣ በወገራ፣ ይህ ቃል ወንዝ ያቆም ነበር።
ሁለት ሰዎች ዱላ ተማዘው ሲፋጠጡ በድንበር፣
አንዲት ሕፃን «በሕግ አምላክ» ካለች፣
የተነሣችው ዱላ ካየር ላይ ቀረች።

መዝገቡ፣ ገጽ ሦስት፣ መሥመር ዘጠኝ፣ እንዲህ ይላል፦
«አንድ ሽማግሌ በማይታወቅ ቋንቋ ጮኸ፤ አስፈራርቶናል።»

ዳኛዋ ጠየቁ፦ «ምን ነበር ያሉት?»
አቶ አስረስ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጣሉት።
አደብ ነው፤ ዳኛ ፊት ላይ ዓይን አይተከልም።
ጸሐፊዋ ግን ጻፈች፣ አየሁ ጣቶቿን፦ «ቀና ብሎ አያይም።»
«በሕግ አምላክ» አሉ፣ በሹክሹክታ፣ ለእግራቸው።
ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጠበቁኝ።

ዕብራይስጡን ፈለግሁ።
«በሕግ ስም» ብል፣ የአሳሪው ቃል ነው፣ የካቴናው፤
«በሕግ ፈጣሪ» ብል፣ የምኩራብ ነው፤ እዚህ ማን ሊሰማው?
ዐቃቤ ሕጉ ሰዓቱን አየ።
አፌ ከመሐላዬ ቀደመኝ፦
«ክብርት ዳኛ፣ እኒህ ሰው የጠሩት እርስዎን ነው።»

«ይሄ ትርጉም ነው ወይስ አስተያየት?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።
ዳኛዋ ብዕራቸውን አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡ።
ለጥር አሥራ አራት ተቀጠረ።
ያልኩት ከቃለ ጉባኤው ተሠረዘ።

ማታ በባቡር ጣቢያው፣
አንድ ወጣት፣ ኤርትራዊ መሰለኝ፣
አግዳሚው ላይ አጠገቤ ሲቀመጥ፣
እጄ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳበ፤ እኔን እንኳ ሳይጠይቀኝ።
ልጁ አየ።
ምንም አላለም፤ ተነሥቶ ምሰሶው ጋ ቆመ።

ትግርኛ አውቃለሁ። ደመወዝ ይከፈለኛል ለእሱም።
አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቃል ሳሻግር፣
አንዲት የራሴ «ይቅርታ» አቃተችኝ ለመናገር።
ባቡሩ መጣ።
እሱ በወዲያኛው በር ገባ።