ሃያ ሁለት ደቂቃ

በመጀመሪያ ቆርኪ ነበር፣
ዶሮ ማነቂያ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት በር
ጎንበስ ብዬ ያነሳሁት፣
ሃያ አንድ ጥርሱን ቆጥሬ ኪሴ የከተትኩት።

ዓይን ሳልኩለት፣ እግር ሳልኩለት፣ በተዋስኩት ኮምፒውተር፣
ጠርሙሱ ጠፍቶበት መንደር ለመንደር የሚዞር፣
«ጠርሙሴን አያችሁ?» እያለ ያገኘውን የሚጠይቅ፤
ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ ወዲያ የማይዘልቅ።

ለሁለቱ ደቂቃ ሦስት ሳምንት። መብራት ከሄደ አራት።
አንዴማ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ፣
አንድ እግሩን እንዳነሳ፣ አየር ላይ፣
አራት ቀን ሙሉ ቆሟል፤
ይትባረክ «ሱባኤ ይዞ ነው» ብሎ ስቋል።

ይትባረክ ድምፁ ነበር። ቀን ሜክሲኮ ሰዓት ሲጠግን ውሎ፣
ማታ ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣
እኔ ሥዕሉን ስስል፣ እሱ ሳሉን ይስላል።
ያን ሁሉ ብርድ ልብስ ጥሶ የታክሲ ረዳት ጩኸት ይገባል፦
«አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! አንድ ሰው!»
ልንቆርጠው ስንል ቆርኪም አብሮ ተቆረጠ፤ ተውነው።

ከስልክ ስልክ ዞረ። መጀመሪያ
አርባ ጊዜ ታየ፣ ስድስቱን እህቴ ናት ያየችው።
ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ስታዲየም፣ የታክሲ ሰልፍ መሀል፣
አንዱ ተማሪ ሌላውን «ጠርሙሴን አየህ?» ይለዋል።
ታክሲው መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ፣
አንድ እግሬን እንዳነሳሁ።

ጣቢያው የጠራን በሚያዝያ ነው። ካሳንቺስ፣ ሰባተኛ ፎቅ።
ሊፍቱ አይሠራም።
ጠረጴዛው ረጅም፤ በየሰዉ ፊት ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ፤
«ክዳናቸው ቆርኪ አይደለም» አለኝ ይትባረክ፣ ቀስ።

አቶ ልዑልሰገድ ወዶታል። በጣም ወዶታል።
«ግን ሁለት ደቂቃ ማስነጠስ ነው» አለ፣ «ሃያ ሁለት ይሁን፤
ድምፁንስ ለታወቀ ተዋናይ ብንሰጠው ምን ይሆን?»
ይትባረክ ክንዱ ላይ ያሰረውን ሰዓት አየ።
የሰው ሰዓት ነበር፤ ለጥገና የመጣ፣ ቆሞ የቆየ።

ቀጥሎ ስፖንሰሩ፣ የለስላሳ ፋብሪካ ሰው፣
ሳይቀመጥ ከቦርሳው ጠርሙስ አውጥቶ
እንደ ሙሽራ መሀል አቆመው።
«ይኸውላችሁ ጠርሙሱ! በመጀመሪያው ክፍል ያግኘው!»
«ካገኘው ይከደናል» አልኩ፤
«የተከደነ ቆርኪ ምን ያወራል?»
«ከድኖ ያብስለዋ» አለ ይትባረክ። ብቻውን ይስቃል።

አምስት ወር ተጨቃጨቅን። ስምንት ገጹ ውል አስራ አንድ ሆነ።
ስሙን ወሰዱ፤ ደብተሩን፣ ቲሸርቱን፣ የተማሪ ቦርሳውን።
እኔ ያስቀረሁት ሁለት ነገር፦ የይትባረክን ድምፅ
እና የጠርሙሱን አለመገኘት።
ፈረምኩ። ጣቴ ላይ ቀለሙ ከረመ አንድ ሳምንት።

አሁን ዘጠኝ ነን፤ ጄኔሬተር አለን።
አንዷ ልጅ፣ ፌቨን፣ ሥራዋ የቆርኪ ጥላ ብቻ ነው።
ስፈጥረው ጥላ አልሰጠሁትም ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።
«ሦስተኛው ክፍል ላይ ያለው ቤት ፈርሷል» አለችኝ፣ «አስፋልት ሆኗል፤ እናድሰው?»
«ተይው። መፍረሱን አልሰማም፤
ገና እዚያ ነው የሚፈልገው።»

የመጀመሪያው ምሽት ፒያሳ፣ ጭማቂ ቤት ተቀመጥን።
ኳስ ጠባቂዎቹ አጉረመረሙ፤ ባለቤቱ ሪሞቱን ደበቀልን።
ድምፁ ጠርቷል፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ። ባለሙያ ጠርጎታል።
«ጠርሙሴን አያችሁ?» አለ ቆርኪ፤
ከዚያ አንዲት ሰከንድ፣ የረዳቱ ቦታ፣
ባዶ ወንበር የመሰለ ጸጥታ።

በሩ ክፍት ነበር። ከውጭ፦
«አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! አንድ ሰው!»

ይትባረክ ጭማቂውን ከአፉ መለሰው።
ዞሮ አየኝ፤
ሲስቅ ጥርሱን ቆጠርኩ።