ይሄነው

ማክሰኞ ዕለት ሞትኩ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፤
እኔ ግን አልሰማሁም፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ
ከኪሴ ተኝቶ ነበር፣ በጨለማ።
የጀልባችን ሞተር ዘጌ ላይ እምቢ ብሎ፣
ካፒቴኑ ሲፈታው፣ ሲገጥመው፣ ሲሳደብ ውሎ፣
እኔ ረዳቱ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግሬን ነክሬ
የተጠበሰ ቆሮሶ ስግጥ ነበር፣ እሾኹን እየለቀምኩ በጥፍሬ።

ባሕር ዳር ግን ነፋስ ነበር። ጣና ሆዱን አሳብጦ፣
እምቦጩን ወደቡ ላይ ሲተፋ፣ ማዕበሉ ነጭ ጥርሱን አግጥጦ።
ታዘበው፣ የሰፈሬ ልጅ፣ አንድ ዴስክ ላይ የተማርን፣
የሃያ ብር ኢንተርኔት እንደ ዳቦ ቆርሰን የተበዳደርን፣
ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ የተገለበጠ ጀልባ
(ውሃው እንኳ የጣና አይደል፤ ሰማያዊ፣ ደለል ያልገባ)፣
ከጎኑ የኔን ፎቶ፣ አምና በተውሶ ኮት የተነሣሁትን፣
ከላይ ሻማ ደርድሮ፣ ሁለት ቃል፣
«ይሄነው ሰመጠ» የሚሉትን።

ክፋት አልነበረውም። ይኼን ልመስክርለት።
ቀድሞ መናገር ነው የፈለገ፤
ቀድሞ መናገር እንጀራ በሆነበት።
«ማን ነው?» ሲል አንዱ፣ «ይሄ ነው» አለ ሌላው፤
ስሜ ራሱ ጣት ሆኖ እኔኑ አሳየው።
ከወደቡ ሽምብጥ፣ በእግሬ የሚያልበኝን መንገድ
ሞቼ በደቂቃ ደረስኩ፣ ላብም ሳይወጣኝ፣ ሳልራመድ።

እናቴ ስልክ የላትም፤ የጎረቤት ልጅ አሳያት።
ማንበብ አትችልም እናቴ፤ ፎቶው ነው የገደላት።
ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ባዶ እግሯን፣ ዘንባባው ሥር እየወደቀች፣
«ሬሳውን እንኳ» ብላ ጣናን ለመነች።
እሷ ደረት ስትመታ፣ አሥር ስልክ ቀጥ ብሎ ቆመ፤
እንባዋ አገጯ ሳይደርስ በሺህ መስኮት ታተመ።

ማታ አንድ ሰዓት፣ ሞተሩ ተነሥቶ ስንመጣ፣
ሕዝቡን አይቼ «ማን ሞቶ ነው?» አልኩ፣ ከጀልባው ስወጣ።
አንዲት ሴት ጮኸች። አንዱ ልጅ ስልኩን ወደ ፊቴ አዞረ።
እናቴ ጆሮዬን ያዘች፤ የአገጬን ጠባሳ ፈለገች፤
እጇ ከፊቴ ሳይነሣ አደረ።

ትንሣኤዬን ማን አየው? አርባ ሰው፣ ቢበዛ ሃምሳ።
ሞቴ ግን ዛሬም ይዞራል፣ ተረሳ ሲሉት እየተነሣ።
ታዘበውን «አጥፋው» አልኩት። ዓይኑን ከጫማው ሳያነሣ፣
«ገና አሁን እኮ ነው ሰው ያወቀኝ» አለ፤ ድምፁ ሳሳ።

ልቆጣው ነበር።
ግን እኔስ?
ሌሊት፣ ቤቱ ሲተኛ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸሽጌ
ሞቴን አነባለሁ፤ ሦስት ሺህ ሰው ያለቅስልኛል፣
ከራስጌ እስከ ግርጌ።
በቁሜ ሰላምታ የነሣኝ ሁሉ «ወንድሜ» ብሎኛል፤
የሒሳብ መምህሬ «ብሩህ ልጅ ነበር» ብሎ ጽፏል።
(ከክፍል አባሮኛል።)
ትርንጎ፣ ሁለት ዓመት ሰላምታዬን አይታ ያለፈች፣
«ሳልነግረው» ብላ ጽፋ የተሰበረ ልብ ለጠፈች።
በነጋታው አገኘኋት። በሕይወት ነበርኩ።
መንገድ ተሻገረች።

አንዳንዴ እንዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አስባለሁ፤
ከሁለታችን የቱ ነው ያለ?
ባለ ኮቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያለሁ?

እናቴ ከዚያ ወዲህ አመል አውጥታለች። ጎህ ሲቀድ፣
ገመዱን ፈትቼ ጀልባው ወደ ውስጥ ሊሄድ፣
ከደንገሉ ዳር ቆማ፣ ቱሪስቱም ካፒቴኑም እየሰማ፣
«ይሄነው!» ትላለች፣ ያለ ጉዳይ፣ ከሞተሩ ድምፅ ቀድማ።
መጀመሪያ አፍር ነበር።
እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤
ሦስት ሺህ ሰዎች ስሜን ጠርተው
መልስ ሳይጠብቁ ሄደዋል ሁሉ።
እሷ ትጠብቃለች፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ።
«አቤት!» እላለሁ።
ያኔ ቅርጫቷን አንሥታ ትሄዳለች፤
የምትበልተው ዓሣ አለባት፣ የሰው ዕዳ።