የፈረስ ስም

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሚዛኑ ቆሞ፣
አባቴ ሙዘይን ድምጿን ይለይ ነበር፣ ከማማውም ቀድሞ።
«በጅሬን በኩል ነው፣ መጣች ቁጢጧ» ሲል
ጆሮዬን ብጥለው፣ ንፋስ ብቻ ነበር በበቆሎው መሐል።

ቁጢጧ፣
ያቺ ጭራዋን መሬት ጥላ፣
አፍንጫዋን ሰቅላ፣
እንደ ሄርማታ ነጋዴ ቁጢጥ የምትል፣ በክንፏ ጥላ።
ሠሪዎቿ ግን ያሏት፦ ሁለት ፊደል፣ አንድ ቁጥር። ዲሲ ሦስት።
ያን ሁሉ ጭቃ ለቻለች፣ ለዚያ ሁሉ ትዕግሥት።

እኔ ትኬት ቤት ስገባ፣ የሥልጠናው ደብተር
ቁጥር ብቻ ነበር፦
ሰባት በግራ፣ ሰባት በቀኝ፣ ሁለት ሚዜ፤
መሐል ያለው ሙሽራ ብቻ የሚለወጥ በየጊዜ።
ሌላው ፋብሪካ ከሦስት መቶ ጀምሮ፣ በአሥር በአሥር ቆጥሮ፣
አርባ ላይ ሲደርስ ሰማንያ ገባ፣ አጥር ሰብሮ፤
ኋላ ሃምሳን አስታወሰ፣ ተመለሰ አፍሮ።
ከሰረዙ ወዲያ ያለው ቁመቷ ነው፣ ተባልን፤
ስንት ሰው እንደምትውጥ። እኛም ጻፍን።

የእኛዋ፣ የጅማዋ፣ ስሟ ራሱ ሰረዝ፤
ስምንት፣ አራት መቶ፣ ደግሞ «ኪው» የሚል መዘዝ።
«ኪው ማለት እኮ ጸጥተኛ ነው» ብዬ ብነግረው፣
ልትነሳ ስታጓራ ነበር፤
ሳቁን አየሁት እንጂ አልሰማሁም፣ ድምጿ ዋጠው።

እሱ «ጃንጥላ» ነበር የሚላት።
ክንፏ ከመስኮቷ በላይ ነው፤ በሐምሌ፣ ሰው ሲወርድ፣
ልጅ ያዘለች ሁሉ ከሥሯ ትጠለላለች፣ ዶፉ እስኪበርድ።

ኋላ ሆስፒታል ገባ። ነርሷ «አልጋ አሥራ ዘጠኝ» አለችው።
ዝም አለ።
ደግማ ጠራችው።
«የአያቴ ፈረስ ቦራ ነበር፤ እሱም አባ ቦራ።
ጅፋርም ፈረስ ነው፤
ይኸው አውሮፕላኑ ሁሉ የሚያርፍበት ሜዳ በፈረስ ስም የሚጠራ።
የተሸከመሽን ስም ታወጪለታለሽ እንጂ፣ ቁጥር ምን ያደርጋል?»
ነርሷ ሙቀቱን አየች፣ ጻፈች፦
«ሠላሳ ዘጠኝ ይላል።»

እኔ ዛሬም መስኮቱ ጋ ነኝ። የበረራውን ቁጥር ሳላዛንፍ እጽፋለሁ፣
ማኅተሜን እመታለሁ።
ደመናው ጅሬንን ሲያለብስ፣ ያ ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ ግን፣
አፌ ይቀድመኛል፤
«ጃንጥላ መጣች!» ስል ወረፋው ዞሮ ያየኛል፤
ከኋላ አንዱ፣ ካፖርቱ የራሰ፣
«ስንት ነው?» ይለኛል።